ሁለተኛው ደብተር

እኔ ጋ ሁለት ደብተር አለ። አንደኛው እሑድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሁሉም የሚያየው ነው፤ ማን ጣለ፣ ማን ቀረ፣ ዕጣው ለማን ወጣ፣ ዋሶቹ እነማን ናቸው። ሁለተኛው ከጃኬቴ ኪስ አይወጣም። ስለዚህኛው ለማንም አውርቼ አላውቅም። ዛሬም የማወራው እዚያ ውስጥ የተጻፉትን ሰዎች አስፈቅጄ ነው፤ ስም ግን አልጠራም።

ዕቁባችን መርካቶ ነው፤ 11 ዓመት ጸሐፊ ሆኜበታለሁ። 52 ሰዎች ነን፤ በሳምንት 2,000 ብር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት 104,000 ብር ይዞ ይሄዳል። ላየን ሰው ሱቅ ለማስፋት፣ ልጅ ለመዳር የምናጠራቅም እንመስላለን። እንዲህ ያለውም አለ። ግን በየዓመቱ ከመካከላችን አሥር ያህሉ የሚጥሉት ዕዳ ለመክፈል ነው፤ ያውም በአንድ ዙር የማያልቅ፣ ሰባትና ስምንት ዓመት የሚጎትት ዕዳ። ሁለተኛው ደብተር የእነሱ ነው።

የብዙዎቹ ዕዳ የራሳቸው አይደለም። ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ለወንድም፣ ለአብሮ አደግ፣ ለባልንጀራ ዋስ ሆነው የፈረሙ ናቸው፤ ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ልብስ ሰፊ አለን፤ ለጓደኛው 600,000 ብር የባንክ ብድር ቤቱን አስይዞ ፈረመ፤ ጓደኛው አገር ጥሎ ሄደ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የተያዘን ንብረት ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ አይጠበቅበትም፤ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ደብዳቤው ሲደርሰው ልብስ ሰፊው ለሚስቱ አልነገራትም። ሄዶ ከአራጣ አበዳሪ 150,000 ተበደረ፤ ወለዱ በወር አሥር በመቶ። ወለዱ ብቻ 15,000 ብር በየወሩ! ለዋስትና ቀን ያልተጻፈበት ቼክ ፈርሞ ሰጠ።

ይህን ቼክ ልብ በሉልኝ። አራጣ ራሱ በወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ አበዳሪው ግን ያን አይፈራም፤ ምክንያቱም ተበዳሪው ከእሱ ይበልጥ ይፈራል። በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣት፣ ሰው ደረቅ ቼክ የሚለው፣ ያሳስራል። አበዳሪው ቀኑን ሞልቶ ባንክ ሲያቀርበው የሚታሰረው የፈረመው ነው። ስለዚህ ዕዳ ያለበት ሰው ወደ እኛ ሲመጣ የዕቁባችን ዳኛ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ነው ያለብህ?» ብለው አይደለም። «ቼክ ሰጥተሃል?» ነው የሚሉት። ከሰጠ የመጀመሪያው ዕጣ ወደ ባንክ አይሄድም፤ የባንኩ ደብዳቤ ማኅተምና ቁጥር ስላለው የበለጠ ቢያስፈራም። መጀመሪያ ቼኩ ይመለሳል። ልብስ ሰፊው 104,000ውን በላ፤ የጎደለውን 46,000 ሦስት ዕቁብተኞች ያለ ወለድ አበደሩት። አበዳሪው ቤት አራት ሆነን ሄድን። ቼኩን ደጃፉ ላይ ቀደድነው።

አሁን ስለ ዕጣው ልንገራችሁ። ዕጣው እውነተኛ ዕጣ ነው፤ ማንም ወረቀት አይመርጥም፤ የሚያወጣውም ሻይ የሚያቀርበው ልጅ ነው። ነገሩ የሚያልቀው ግን ከዕጣው በፊትና በኋላ ነው። ቅዳሜ ማታ ዳኛው ለሁለት ለሦስት ሰው ይደውላሉ፤ «ነገ ቢወጣልሽ መቆየት ትችያለሽ?» ብለው ብቻ። ምክንያቱን አይናገሩም። ዕጣ መሸጥ በሁሉም ዕቁብ የታወቀ ነው፤ የወጣለት ሰው ለቸገረው ይለቅና የተወሰነ ብር ያስቀራል። እኛ ጋ ለዕዳ ከፋይ የሚለቅ ሰው አንድ ብር አያስቀርም። የቀጠሮ ቀን የደረሰበት ሰው ስሙ ሳይጠራ ገንዘቡ ይደርሰዋል፤ የለቀቀውም ሰው በእሱ ተራ ይበላል። ቅያሬው የሚጻፈው በሁለተኛው ደብተር ነው። አንዲት ቅመም ነጋዴ ሦስት ዙር አከታትላ ለቅቃለች፤ ለማን እንደለቀቀች እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም።

ሌላም አለን፤ ቁራኛ እንለዋለን። ቃሉን የመረጡት ዳኛው ናቸው። በድሮ ዘመን ባለዕዳና አበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ወይም ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። እኛ የምናቆራኘው ግን ባለዕዳን ከባለዕዳ ጋር ነው። ሁለቱ አንዳቸው የሌላውን ዕዳ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ያውቃሉ። ወር ሲገባ ወደ ባንክም ወደ አበዳሪም አብረው ይሄዳሉ። ለብቻው የሚሄድ ሰው ይሰደባል፣ ያለቅሳል፣ የማይችለውን ቃል ገብቶ ይመለሳል። አጠገቡ ሰው ካለ ግን ድምፁ አይሰበርም። ልብስ ሰፊው ባንክ ገብቶ የክፍያ ጊዜው እንዲራዘምለት የጠየቀው ቁራኛው አጠገቡ ቆማ ነው፤ ለብቻው ሁለት ጊዜ ሄዶ በሩ ላይ ተመልሷል።

ያቺ ቁራኛው የስልክ ዕቃ ነጋዴ ናት። ከዱባይ በዱቤ ዕቃ ታስመጣ ነበር፤ ዕዳዋ በዶላር። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ዕቃውን የሸጠችው በድሮው ዋጋ ነው፤ የምትከፍለው በአዲሱ። አንዲት ሳንቲም ሳትበደር ዕዳዋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያን ክረምት ቁራኛዋ በየማለዳው ሱቋን ከመክፈቷ በፊት እየሄደ ሻይ ይጠጣ ነበር። ስለ ገንዘብ አያወሩም ነበር። እኔ ግን ያ ሻይ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ከእኛ ጋር መሆኗን እጠራጠራለሁ፤ ራሷ ነግራኛለች።

ዝም ብዬ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ጸሐፊነቱን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሦስት ሳምንት ያልጣለ አንድ እቃ አውራጅ ነበር። እሑድ ሁሉም ተሰብስቦ ሳለ ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ደንቡ ያዝዝ ስለነበር ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣም። ዋሶቹ የጎደለውን ከፈሉ፤ እሱን ሰፈሩ ድረስ ሄደን አጣነው። ኋላ እንደሰማነው ልጁ ታሞበት ለሕክምና ተበድሮ ነበር፤ ጠይቆን ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ማታ ሁለት ስልክ ይበቃው ነበር። ሁለተኛው ደብተር የተጀመረው በዚያው ወር ነው። ከዚያ ወዲህ የጎደለ ስም ጮክ ተብሎ ተነብቦ አያውቅም፤ በማግስቱ ቤቱ ሰው ይሄዳል።

ደብተሩ ውስጥ በተደጋጋሚ ያየሁት ይህን ነው፤ የሚጠፋው ዕዳው የበዛበት ሳይሆን ዕዳውን የደበቀው ነው። 900,000 ያለበት ሰው እየተሳቀቀም ቢሆን በየሳምንቱ ይመጣል። 40,000 ደብቆ የያዘው አንድ ቀን ስልኩን ያጠፋል።

ለዚህ ነው ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ከዳኛው ጋር የተከራከርኩት። ብዙ ዕቁብ አሁን በስልክ ነው የሚጣለው፤ ይቀላል፣ ገንዘብ ይዞ መንገድ ላይ መሄድም ቀርቷል። እኛም ለአብዛኛው ሰው ፈቅደናል። በሁለተኛው ደብተር ያሉት ግን በአካል ይመጣሉ፤ ገንዘቡን በስልክ ልከውም ቢሆን ይመጣሉ። በስልክ የተላከ ብር ሰውየው እንቅልፍ ማጣቱን አይነግረኝም። ፊቱ ግን ይነግረኛል። ሚስቱ ዕዳውን ታውቅ እንደሆነ የምጠይቀውም ያኔ ነው፤ ካላወቀች ዳኛው ቤቱ ድረስ አብረውት ሄደው ይነግሯታል። የልብስ ሰፊው ሚስት ያን ቀን አልጮኸችም። የራሷን ወርቅ ስታመጣ ዳኛው አስመለሷት፤ «ይሄ መጨረሻ ላይ ነው የሚሸጠው፤ ገና መጀመሪያ ላይ ነን» አሏት። ወርቁ እስከ መጨረሻው አልተሸጠም።

ዋስ ሊሆን ለሚነሳ ሰው ዳኛው የሚሉትን እዚህም ልጻፈው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆንና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን እንዲገለጽ ያዛል፤ መጠኑ ያልተገለጸ ዋስትና አይጸናም። ስለዚህ ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ሐረግ ካያችሁ ደግሞ እንደ ራሳችሁ ዕዳ ቁጠሩት፤ አበዳሪው ከባለዕዳው ሳይጀምር በቀጥታ እናንተን መጠየቅ ይችላል። ልብስ ሰፊው የፈረመው ሰነድ ላይ ይህ ሐረግ ነበረ፤ ያነበበለት ግን አልነበረም።

ልብስ ሰፊው የመጨረሻውን ክፍያ ሲከፍል ስድስት ዓመት ከአምስት ወር ሆኖት ነበር። ባንኩ የቤቱን ካርታ የመለሰለት ሐሙስ ነው። እሑድ እንደ ልማዱ መጣ፤ 2,000 ብሩን ጣለ፤ ሁሉም ሲወጣ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ዙር የእኔን ወረቀት ሳጥን ውስጥ አታግባው። የቸገራቸው ይቅደሙ፤ እኔ መጨረሻ ላይ እበላለሁ» አለኝ። ስሙ ያለበት ወረቀት እንደታጠፈ ሁለተኛው ደብተር ውስጥ ነው፤ ዙሩ ሊያልቅ 31 ሳምንት ቀርቶታል።