ሕልም አጥማጁ ቀለበትና የአያቴ ክታብ

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ አንድ ቀለበት ነው። የጣት ቀለበት እንዳይመስላችሁ! የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር ሲመጣ ለታናሽ ወንድሜ ያመጣለት ነው፤ መሐሉ እንደ ሸረሪት ድር በክር የተጠላለፈ፣ ከታቹ ላባ የተንጠለጠለበት። «ከራስጌው ስቀሉለት፣ መጥፎ ሕልም ያጠምድለታል» አለን። ወንድሜ 6 ዓመቱ ነው፤ ሌሊት ሌሊት እየጮኸ ይነሣል። እናቴም «እስኪ ይሞከር» አለች። አያቴ ግን አገላብጠው አዩትና «ይሄማ ክታብ ነው፤ ጽሕፈቱን አውጥተው ላባ አደረጉበት እንጂ» ብለው ሳቁ።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አላረፍኩም። አያቴንም መምህሬንም ሳስቸግር ከረምኩ።

ቀለበቱ የመጣው ከሰሜን አሜሪካ ነው። በካናዳና በአሜሪካ ድንበር፣ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ የሚኖሩ ኦጂብዌ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ፤ ነጮች ከመምጣታቸው በፊት የነበሩ ናቸው። ለዚህ ነገር የሚጠሩበት ስም «ሸረሪት» ማለት ነው። ፍራንሲስ ዴንስሞር የምትባል አጥኚ በፈረንጆች በ1929 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ እነሱ ጽፋለች። ያኔ ቀለበቱ ትንሽዬ ነበር፤ ስፋቱ 9 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የሚሠራው ከአኻያ ቀንበጥ ሲሆን ክሩ ደግሞ ከምን መሰላችሁ? ከሳማ! ከሳማ ግንድ የሚወጣውን ቃጫ ፈትለው ቀይ ያቀልሙታል። ከዚያ ሕፃኑ ከሚተኛበት ማዘያ ላይ ይሰቅሉታል። የሸረሪት ድር ያገኘውን ሁሉ እንደሚይዝ፣ ይሄም ወደ ሕፃኑ የሚመጣውን ክፉ ነገር ይይዛል ብለው ነው። እኛስ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንል የለ?

ጥሩው ሕልም በመሐሉ ቀዳዳ አልፎ በላባው ይወርዳል፣ መጥፎው ተይዞ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ይጠፋል የሚለው አሁን በየቦታው የሚነገረው ነው። ዛሬ ፋብሪካ እያመረተው በዓለም ሁሉ የመኝታ ቤት ጌጥ ሆኗል። የኦጂብዌ ሰዎች ውስጥ በዚህ ደስ የማይላቸው አሉ። እኔም ብሆን ደስ አይለኝም፤ የአያቴን ክታብ በላስቲክ ሠርተው ቢሸጡት ብዬ አስቡት።

ወደ እሱ ልምጣ። ክታቡ ከአያቴ መደብ በላይ፣ ግድግዳው ላይ በቆዳ ማኅደር ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። እንዲፈቱልኝ ለምኜ ለምኜ አንድ እሑድ ፈቱልኝ። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ብራናው በጠባብ በጠባቡ ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ ይሰፋል፤ በጥቁርና በቀይ ቀለም በግእዝ ይጻፍበታል። የሚጽፉት ደብተራዎች ናቸው። ሥዕልም አለው፤ ሰይፍ የያዘ መልአክና መሐሉ ላይ ፊት ያለው ኮከብ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ዓይን መብዛቱ ነው። የትም ብትዞሩ ያፈጥባችኋል! የአሜሪካው ክፉውን ያጠምዳል፤ የኛው አፍጥጦ ያባርራል። በብዙ ክታቦች ላይ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ሕፃናት የምትገድለዋን ውርዝልያን ሲወጋ ይታያል። ስለዚህ እናቶች ለልጆቻቸው ያስጽፉት ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ክታብ የሚቆረጠው በሰውዬው ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው። የክርስትና ስሙም ውስጡ ይጻፋል። የአያቴ ክታብ የእናታቸው ነበር። ዘርግተን ከጎኑ ቆምኩ፤ በአንድ ስንዝር ይበልጠኛል። ቅድመ አያቴን አላየኋቸውም፣ ፎቶም የላቸውም። ቁመታቸውን ግን አሁን አውቀዋለሁ።

አምና በገበያ ቀን አንድ ሰው ቤታችን መጥቶ «ልግዛችሁ» ብሎ ነበር። የሰጠው ዋጋ ለቤታችን ቀላል አልነበረም፤ አባቴም ትንሽ አመነታ። አያቴ «የናቴን ቁመት አልሸጥም» አሉና በሩን አሳዩት። እንደዚህ የወጣ ብዙ አለ። በፈረንጆች በ1932 ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ አጥኚ ቡድን ጎንደር ከርሞ ወደ ፓሪስ ከወሰዳቸው ብዙ ነገሮች መካከል ክታቦችም ነበሩበት። አሁን የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

«ታዲያ ይሠራል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ሁሉም አይወደውም፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንኳ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስማትን አጥብቀው ከልክለው ነበር። የሳይንስ መምህራችን ደግሞ እንዲህ ብለውናል። ሕልም በብዛት የምናየው ዓይናችን ተከድኖ ኳሱ ወዲያ ወዲህ በሚልበት የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ያኔ አንጎላችን ጡንቻዎቻችንን ያላላቸዋል፣ በሕልማችን ስንሮጥ ተነሥተን እንዳንሮጥ። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት ይዘገያል። መንቀሳቀስ ያቅታል፣ ደረት ይከብዳል፣ ሰው የቆመ ይመስላል። ዱካክ ያዘኝ የምንለው ይሄ ነው! እንቅልፍ ሲያንስና በጀርባ ሲተኙ ይብሳል። ለኛ ዕድሜ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ወንድሜ ግን ሌላ ነው። ገና በተኛ በመጀመሪያው ሌሊት ይጮህና ጠዋት ምንም አያስታውስም። እንዲህ ያለውን ልጅ መነቅነቅና መቆጣት ጥሩ አይደለም፣ ቀስ ብሎ መልሶ ማስተኛት ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል። እኔ ግን በፊት በጥፊ ነበር የማነቃው፤ ይቅር ይበለኝ።

ለጌጥ መሥራት ለምትፈልጉ፣ በክበባችን ሞክረነዋል። ከወንዝ ዳር እርጥብ የአኻያ ቀንበጥ ቆርጣችሁ ወዲያው አክብቡና እሰሩት። እኛ የመጀመሪያውን በደረቅ ሞክረን ቀጭ ብሎብናል። ለክር ከማዳበሪያ ከረጢት የተተረተረ ይሆናል። ክሩን በየሁለት ጣቱ ቀለበቱ ላይ እየጠመጠማችሁ ዙሩ። በሁለተኛው ዙር ቀለበቱን አትንኩ፤ የመጀመሪያው ዙር ክር መሐል መሐሉ ላይ እያሾለካችሁ ጠበቅ አድርጉ። እንዲህ እየጠበበ ሄዶ ትንሽ ቀዳዳ ሲቀር ቋጥሩት። የዶሮ ላባ በሳሙና አጥባችሁ ከታች አንጠልጥሉ።

የወንድሜ ከራስጌው ተሰቅሏል። ማክሰኞ ሌሊት ግን እንደገና ጮኸ። ጠዋት ስነግረው ቀለበቱን አውርዶ አየና «ቀዳዳው ሰፍቶ ነው፣ አጥብቢልኝ» አለኝ። ነገ ከክፍል ስወጣ አንድ ዙር ልጨምርበት ነው።