ወረፋም ቀመር አለው፦ ከራጅ ክፍል ደጃፍ የሚጀምር ሳይንስ

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ያገኘው የማይታይ ጨረር፣ ሐኪም ገላን ሳይቀድ የሰውነትን ውስጥ እንዲያይ አስችሏል። የደረት ራጅ ለማንሳት ጨረሩ የሚፈነጥቅበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ታማሚው ግን የምርመራ ወረቀቱን ከተቀበለበት ሰዓት አንሥቶ ውጤቱን እስኪይዝ ድረስ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊያልፍ ይችላል። የቀረው ጊዜ የት ይገባል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው ለአካባቢያችን ቅርብ ነው። ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ በጅማ ከተማ የሚገኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. ከተቋቋመው ሆስፒታል የተገኘ ሲሆን፣ ወደ 15 ሚሊዮን የሚገመተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝብ ተስፋ የሚያደርግበት ነው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት ወይም ከጌራ በአውቶቡስ ለመጣ ገበሬ “ነገ ተመለስ” ማለት የመኝታና የመጓጓዣ ወጪ ነው፤ በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ከዛፉ ሥር የሚረግፍ ፍሬ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ለሚፈሰው ታማሚ ግን የሚባክነው ሰዓት ሕይወት ሊሆን ይችላል።

የወረፋ ስሌት

የወረፋን ሒሳብ የጀመረው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ያሳተመው ጥናት የስልክ ጥሪዎችን ይመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው ጆን ሊትል ያረጋገጠው ሕግ ደግሞ እጅግ ቀላል ነው፦ በክፍሉ ውስጥ በአማካይ የሚገኙት ሰዎች ቁጥር፣ በሰዓት የሚገቡት ሰዎች ቁጥር እያንዳንዱ በሚቆይበት ሰዓት ሲባዛ የሚገኘው ነው። በሰዓት 6 ሰው እየገባ ዘወትር 18 ሰው ካለ፣ አንዱ በአማካይ 3 ሰዓት ይቆያል ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው የሚከተለው ነው። አንድ መሣሪያ ለአንድ ሰው በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ታማሚዎች በዘፈቀደ ሰዓት የሚመጡ፣ የምርመራውም ርዝመት የሚለዋወጥ ከሆነ፣ መሣሪያው ግማሽ ጊዜውን ብቻ ሲሠራ አማካይ ጥበቃ 10 ደቂቃ ነው። 80 በመቶ ሲሠራ 40 ደቂቃ፣ 90 በመቶ ሲሠራ 90 ደቂቃ ይሆናል። ሥራው በጥቂቱ ሲጨምር ወረፋው ከእጥፍ በላይ አደገ።

ጠባቡ በር የትኛው ነው?

በቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ቡና በዕለቱ መፈልፈል እንዳለበት አንባቢያን ታውቃላችሁ። የማድረቂያ አልጋዎቹ ሁሉ ሞልተው ሳለ ሁለተኛ መፈልፈያ መትከል ግን ሥራውን አያፋጥንም። የራጅ ክፍልም እንዲሁ ነው። ክፍያ፣ ምዝገባ፣ ማንሳት፣ ማንበብና ውጤት መመለስ በተከታታይ የሚከናወኑ ናቸው። ቀድሞ ፊልሙ በጨለማ ክፍል እስኪታጠብና እስኪደርቅ ይጠበቅ ነበር፤ ዲጂታል መሣሪያ ይህን በር ሲያሰፋ ምስሎቹ በራዲዮሎጂስቱ ጠረጴዛ ላይ ይከማቻሉ። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ጠባቡን በር ለይቶ ማወቅ ይገባል።

በትንሽ ወጪ የሚገኝ ጊዜ

የሐሞት ከረጢትን በአልትራሳውንድ ለማየት ታማሚው ለሰዓታት ምግብ ሳይቀምስ መቆየት አለበት፤ ምግብ በተለይም ቅባት ከረጢቱን ያኮማትረዋልና። የማሕፀን ምርመራ በሆድ በኩል ሲደረግ ደግሞ የሽንት ፊኛ መሙላት ያስፈልገዋል። ይህ በቀጠሮው ዕለት ካልተነገረ ቁርሷን በልታ የመጣች እናት ቀኗ ከሸፈ። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። “ትንፋሽዎን ይያዙ” የሚለውን ትእዛዝ በአፋን ኦሮሞ ወይም በካፊኛ ያልሰማ ታማሚ ሲንቀሳቀስ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ራጁም ሲደገም ጊዜ ከመባከኑ በላይ ጨረሩ ይጨምራል። ሦስተኛው ቀጠሮን በሰዓት ማከፋፈል ነው፤ ሁሉም ጠዋት ከመጣ ጠዋት ይጨናነቃል፣ ከሰዓት በኋላ መሣሪያው ይቦዝናል። ድንገተኛ ታማሚ ግን ምንጊዜም ቅድሚያ ያገኛል፤ ለእርሱ የሚሆን ክፍት ሰዓትም አስቀድሞ ሊተው ይገባል።

ይህን ሁሉ ለመጀመር እርሳስና የእጅ ሰዓት ይበቃል። በምርመራ ወረቀቱ ጥግ ላይ ታማሚው የደረሰበት፣ የተነሣበት፣ ምስሉ የተነበበበትና ውጤቱ የተሰጠበት ሰዓት ለአንድ ሳምንት ቢጻፍ፣ ረጅሙ ክፍተት ራሱን ይገልጣል። የሳይንስ ተማሪዎቻችንም ቁጥሮቹን በመተንተን ለሆስፒታሎቻችን ሊያግዙ ይችላሉ እንላለን።