ሐሙስ በሄርማታ፤ የጅማ ገበያና የሰው ማዕረግ

የአንድን አገር የቀድሞ ኑሮ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የነገሥታቱን ታሪክ ብቻ ቢያነብ ከዕውቀቱ ግማሹ ይጐድልበታል። ወደ ገበያው ወርዶ ማን እንደ ሸጠ፣ ማን እንደ ተሸከመ፣ ማን ቀረጥ እንደ ተቀበለ፣ ማንስ ራሱ እንደ ተሸጠ መጠየቅ ይገባዋል። ስለ ጅማ ይህን ለሚጠይቅ ከሄርማታ ገበያ የበለጠ ምስክር አይገኝለትም።

ሄርማታ የዛሬይቱ የጅማ ከተማ የቀድሞ ስሟ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ የአካባቢው ታላቅ ገበያ በሊሙ እናርያ የሚገኘው ሰቃ ነበር። የጅማ መንግሥት እየበረታ በሄደ ጊዜ ግን የሲራራ ነጋዴው ጉዞ ወደ ሄርማታ አዘነበለ፤ ወደ ከፋ የሚወስደው መንገድም በዚያ ያልፍ ነበርና ገበያው ደረጀ። ዋናው የገበያ ቀን ሐሙስ ነበር። ኸርበርት ልዊስ የተባሉት የታሪክና የባሕል ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በዚህ ገበያ በበጋ ወራት እስከ 30,000 የሚደርስ ሰው ይሰበሰብ እንደ ነበረ ጽፈዋል።

ገበያውን ያጸናው ሰላም

ከእ.ኤ.አ. 1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው ከሄርማታ በላይ በጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር። ከእምባቦ ውጊያ (1874 ዓ.ም.) በኋላ ለምኒልክ ገብረው ግብር በመክፈል የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠበቁ። ጐረቤት አገሮች በጦርነት ሲታወኩ ጅማ ከዚያ መከራ ስለ ዳነች ከሩቅ አገር የሚመጣው ነጋዴ ንብረቱን በሄርማታ ለማራገፍ ልቡ አልፈራም።

አገሩ በአባ ቆሮዎች ይተዳደር ነበር። በዳርቻው ባሉት ኬላዎች ጠባቂዎች የሚገባውንና የሚወጣውን ይቈጣጠራሉ። የንግዱ የበላይ ነጋድራሱ ሲሆን ገበያውን መጠበቅና ቀረጡን ማስገባት የእርሱ ሥራ ነበር። እንግዲህ በማዕረጉ አናት ላይ የሚገኙት ንጉሡ፣ ዘመዶቻቸውና ሹማምንቱ ነበሩ። መሬትና ሥልጣንም በእነርሱ እጅ ነበር።

የነጋዴው ሠፈር

ከገበያው አጠገብ መንደራ እየተባለ የሚጠራ የነጋዴዎች ሠፈር ነበረ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከሰሜን የመጡ ጀበርቲዎች ነበሩ። በሰሜኑ የክርስቲያን መንግሥት ሙስሊሞች የርስት ባለቤት እንዳይሆኑ ተከልክለው ስለ ኖሩ መተዳደሪያቸውን በንግድና በእጅ ሥራ አድርገው ነበር። በሙስሊሙ የጅማ ንጉሥ ዘንድ ግን መኖሪያና ክብር አገኙ። በትውልድ አገሩ ዝቅ ተደርጎ የታየ ሰው በጅማ ባለጠጋና የሹማምንት ወዳጅ ለመሆን ቻለ።

ነጋዴው ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ ያመጣል። ሲመለስ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ኮረሪማ፣ ቡናና ዝባድ ይጭናል። አሞሌው ከአፋር በረሓ እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው ስለሚጨምር ከእያንዳንዱ ገበያ ላይ ትርፍ ይገኝበት ነበር። ትልልቁ ክፍያ ግን በማርያ ቴሬዛ ብር ይፈጸማል። ስለ ዝባዱ ደግሞ ጥርኞቹ በቀፎ ውስጥ ሥጋ እየበሉ ይጠበቃሉ፤ ዝባዱም በየጊዜው ተቀድቶ በከብት ቀንድ ውስጥ ይከማቻል። ይህ ትዕግሥትና ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነውና አቅም ያለው ሰው ብቻ ይይዘዋል።

ለዚህ ሁኔታ ጥንታዊ ምሳሌ አለ። የአዱሊስ የዝሆን ጥርስ ይላክላት በነበረችው በሮም የማዕረጉ አናት የሴናተሮቹ ነበር። በ218 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በወጣ ሕግ ሴናተር ወይም የሴናተር ልጅ ከ300 እንስራ በላይ የሚጭን የባሕር መርከብ እንዳይኖረው ተከለከለ። ሲሴሮ የተባለውም አዋቂ በጻፈው መጽሐፍ ችርቻሮን የወራዳ ሥራ ሲለው፣ ከብዙ አገር ብዙ ዕቃ የሚያስመጣውን ነጋዴ ግን ያን ያህል አልነቀፈም። ይሁን እንጂ ከተማይቱ ያለ እህልና ያለ ዘይት ለመኖር አልቻለችምና ንግዱ ወደ ሌሎች እጅ ገባ። ከእነርሱም መካከል ነፃ የወጡ ባሮች ብዙ ነበሩ። ኤውሪሳኬስ የተባለው ዳቦ ጋጋሪ ያሠራው ታላቅ መቃብር ዛሬም በሮም ቆሞ ይታያል፤ በላዩም የዱቄቱና የእቶኑ ሥራ ተቀርጿል። በሮምም ሆነ በጅማ ከመሬትና ከሹመት የተገፋ ሰው መውጫ በሩን በገበያ አገኘ።

አምራቹ

ከነጋዴው ሠፈር ወጥቶ ሐሙስ ዕለት በገበያው መካከል የሚያልፍ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያየው ገበሬውን ነበር። በቆሎውን፣ ማሽላውን፣ ጤፉን፣ ማሩንና ቅቤውን እየሸጠ ጨውና ጨርቅ ገዝቶ ይመለሳል። ሹማምንቱንም ባለጠጋውንም የመገበው የእርሱ ጉልበት ነው።

ከገበሬው ዝቅ ተደርገው የሚታዩት ደግሞ ብረት ሠሪው ቱምቱ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዎቹ ነበሩ። ጨዋ ነኝ የሚለው ሰው ከእነርሱ ጋር አይጋባም፤ አብሮም አይመገብም ነበር። ነገር ግን ማረሻውን የሠራው ቱምቱው ነው፤ የነጋዴው ጭነት የሚታሰርበትን ጠፍር ያለፋው ፋቂው ነው፤ ወጡ የሚበስልበትም ድስት የሸክላ ሠሪዋ ነው። ገበያው ያለ እነርሱ አንድ ሳምንት አይቆምም ነበር። ሆኖም ለዕቃው የተከፈለው ዋጋ ለሠሪው ክብር ሊያስገኝለት አልቻለም። በዚህ ነገር የንግድ በር ጠባብ ሆነ።

የተሸጠው ሰው

ከሁሉም በታች ባሪያው ነበር። ከከፋ፣ ከኩሎ (የዛሬው ዳውሮ) እና ከሌሎች አገሮች በጦርነትና በአፈና የተያዙ ሰዎች ወደ ሄርማታ ተነድተው ይሸጡ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። የከፊሎቹ ዕጣ በጅማ ቀርቶ የንጉሡንና የባለጠጎቹን መሬት ማረስ፣ እንጨት መልቀም፣ ውሃ መቅዳትና እህል መፍጨት ነበር። የቀሩት ከሲራራው ጋር በእግራቸው ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ዳርቻ ተጓዙ፤ በመንገድ የቀሩትም ብዙ ናቸው። ከቤተ መንግሥቱ ባሮች አንዳንዶቹ የጌታቸውን ዐመኔታ አግኝተው ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ቢሆንም የጥቂቶች ዕድል የብዙዎችን መከራ አይሸፍንም።

በሮምም እንዲሁ ነበር። ስትራቦን የተባለው ጸሐፊ በዴሎስ ደሴት ገበያ በአንድ ቀን 10,000 ባሮች ተቀብሎ መሸኘት ይቻል እንደ ነበረ ይተርካል። የሮም ባሪያ በጌታው ፈቃድ ጥቂት ገንዘብ እያጠራቀመ ራሱን ለመዋጀት ይችል ነበር፤ በሕጉ መሠረት ነፃ ከወጣም ዜግነት ያገኛል። ይህን ለማግኘት የታደለው ግን ከብዙው ጥቂቱ ነበር፤ በእርሻና በማዕድን ጉድጓድ የሚሠራው ባሪያ ይህን ተስፋ እምብዛም አያውቀውም።

በኢትዮጵያ የባሪያ ንግድ በአንድ ቀን አልተቋረጠም። አገራችን በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በዚያው ዓመት ባሮችን ነፃ ማውጫ አዋጅ ወጣ፤ በ1923 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ተጨመረ፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም ባርነት ፈጽሞ ተሻረ። የሄርማታ ገበያ ግን ይህ ሸቀጥ ቢቀርበት አልፈረሰም። ከእርሱ ይልቅ ቡናው ገበያውን ሞላው፤ የጅማም ስም በዓለም ነጋዴዎች ዘንድ በቡናዋ ታወቀ። ያለ ባሪያ ንግድ ገበያ አይቆምም ይሉ ለነበሩት ሰዎች ከዚህ የበለጠ መልስ አያስፈልጋቸውም።

የሄርማታ ታሪክ ለነጋዴ የሚያስተምረው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ገበያ በትውልዱ ለተገፋ ሰው በር ሊከፍትለት እንደሚችል ነው፤ ከሰሜን ተሰደው በመንደራ የበለጸጉት ለዚህ ምስክር ናቸው። ሁለተኛው፣ ይኸው ገበያ ከልካይ ሕግና ኅሊና ከሌለው ሰውን ከጨውና ከዝባድ ጋር በአንድነት እንደሚሸጥ ነው። በቀፎ ውስጥ ያለው ጥርኝ ሥጋ ሲሰጠው፣ በመንገድ የደከመችው ሕፃን ግን ትተዋት ይሄዱ ነበር።

ዛሬ ጆንያው ላይ የሚጻፈው የቡናው ደረጃና ክብደት ነው። የለቃሚዋና የተሸካሚው ድካም በጆንያው ላይ አይጻፍም፤ የሚጻፈው በነጋዴው መዝገብ ላይ በደመወዝ አምድ ነው። የሚመጣው ትውልድ ስለ ዘመናችን ገበያ ሲጠይቅ መርምሮ የሚያነበው ያን አምድ ይሆናል።