እጅ የማያገኘው ጣፊያ

በዱርቤቴም ሆነ በቡሬ ወገን ወባ የጠናበትን ሰው ሐኪም ከግራ ጎድኑ በታች ይዳስሰዋል፤ ጣፊያው አብጦ እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። ነገር ግን ከጽንስ ጀምሮ በአንድ ጣፊያ ፈንታ ብዙ ትንንሽ ጣፊያዎች ያሉት ሰው ይገኛል። ፖሊስፕሌኒያ የሚባለውን ይህን ነገር በእጅ መለየት አይቻልም፤ ከጨጓራው ጎን ተሰብስበው የሚታዩት በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ነው።

ከቁጥራቸው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የደም ሥሩ ነው። ብዙ ጊዜ የታችኛው ታላቅ ደም መላሽ ጉበት አጠገብ ይቋረጥና ደሙ አዚጎስ በተባለው ሥር ወደ ላይ ይወጣል። የሰፋው አዚጎስ በደረት ራጅ ላይ እባጭ ይመስላል፤ ይህን ሳያውቅ በቀዶ ጥገና የቋጠረው ሐኪም በሽተኛውን ሊገድል ይችላል። ልብና አንጀትም አብረው ይመርመሩ፤ ሕፃኑ ቢጫ ከሆነ ደግሞ የሐሞት ቧንቧው ሳይውል ሳያድር ይታይ።