ታቦት በመጋዘን፣ ጽዋ በመስታወት

በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ቀን የሚጎርፈው ምእመን ታቦቱን በእልልታ ያጅባል እንጂ አያየውም። ታቦቱ በካህኑ ራስ ላይ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ያልፋል። ሥራው ማሳየት የሆነ ሙዚየም እንዲህ ያለ ዕቃ እጁ ሲገባ ምን ያደርጋል?

የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ይዟል፤ አብዛኞቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ በተዘጋ ክፍል አስቀምጦ ሠራተኞቹ እንኳ እንዳያዩዋቸው ከልክሏል። ክብር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የማያሳዩትን ታቦት መያዝ ለማን ይጠቅማል? በኤድንበራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው ሌላው የመቅደላ ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲመለስ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አዲስ አበባ ላይ ተቀብሎታል።

ከመታየት የማይከለከሉት ዕቃዎች ዕጣ ሌላ ነው። ከመቅደላ የሄዱት የወርቅ ዘውድና ጽዋ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም መስታወት ውስጥ ናቸው። የጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1932 በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ተነቅለው ፓሪስ ሄዱ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ የቀረለት ቅጂ ነው።

አገር ውስጥም በቅዱስ ዕቃና በሙዚየም ዕቃ መካከል ያለው ድንበር ይደባለቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ቅዱሳት ሥዕላት የሚታዩበት ሕንፃ የአፄ ኃይለ ሥላሴን መኝታና መታጠቢያ ቤትም ያስጎበኛል። ሐረር በሸሪፍ ሙዚየም በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችን በአንድ የከተማዋ ተወላጅ ጥረት አሰባስባለች። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ በ2001 ሲመለስ የገባው ወደ ቤተ መድኃኔ ዓለም ነው፤ ዛሬም ምእመን ይባረክበታል።

ጥበቃ ማለት ሁልጊዜ ከብልሽት ማዳን አይደለም። የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ዙኒዎች ከሙዚየሞች ያስመለሷቸውን የእንጨት አማልክት በፀሐይና በዝናብ እንዲያረጁ ሜዳ ላይ ይተዋሉ፤ ሥርዓቱ ይህ ነውና። ይህን ሲሰማ የማይደነግጥ የቅርስ ባለሙያ ጥቂት ነው።

ቅርስ ዕቃን ከማቆየት ውጭም ይጠበቃል የሚለው ሐሳብ ለሐዋሳ ነዋሪ እንግዳ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ በቁም ሣጥን የሚቆለፍ ዕቃ የለውም። ቀኑን አያንቱ የሚባሉ አዋቂዎች ከከዋክብት ያነባሉ፤ ቡርሳሜ የተባለው የቆጮ ምግብ በየቤቱ ይበላል፤ ቄጣላ የተባለው ጭፈራ በጉዱማሌ አደባባይ ይጨፈራል። ዕቃ ሰብሳቢ ከዚህ ወስዶ የሚያሳየው ቢበዛ የቡርሳሜ ሸክላና የበዓል ልብስ ነው።