ባሕር ዛፍ ለወለል አይሆንም ያለው ማነው?

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ቤት እየሠራ ለሳሎኑ የጣውላ ወለል የሚያስብ ሰው «ባሕር ዛፍ እንዳታስነጥፍ፣ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ዋንዛ ፈልግ» የሚል ምክር ይሰጠዋል። ምክሩ ከልምድ የመጣ ነው፤ ጥፋቱን ግን ያለቦታው ይጥላል። ወለሉን የሚያበላሸው ዛፉ ሳይሆን ሳይደርቅ መነጠፉ ነው።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ብዙ ውኃ ይይዛል። ውኃው ሲወጣ ጣውላው በርዝመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል። ነጭ ባሕር ዛፍ በዚህ ከብዙ እንጨቶች ይብሳል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጣውላ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊያጣ ይችላል። ከመጋዝ በወረደ በሳምንቱ ምስማር ከተመታበት፣ የካቲት ላይ በጣውላዎቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይከፈታል። ያኔ አናጢው ይወቀሳል።

መድኃኒቱ ጊዜ ነው። ጣውላውን ከመሬት አንሥቶ በጥላ ሥር መደርደር፣ በየድርድሩ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች መጣል፣ ከላይ ድንጋይ መጫን። ጫፍና ጫፉን ቀለም ወይም ሰም መቀባት አይረሳ፤ ውኃ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ መሰንጠቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ የቆየ ስሌት ነው። መድረቁን እጅና ዓይን አይነግሩም፤ ከክምሩ መሃል አንድ ቁራጭ አውጥቶ በየሳምንቱ በሱቅ ሚዛን መመዘን ይሻላል። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

ዋንዛስ? ለበር፣ ለወንበር፣ ለቁም ሣጥን እጅግ ያምራል፣ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም። ለወለል ግን ለስላሳ ነው፤ የአልጋ እግር ይሰረጉደዋል። የደረቀ ባሕር ዛፍ በጣም ይጠነክራል። በዚያ ላይ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከጽድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ከቆጋ እስከ ቡሬ የማሳውን ዳር ባሕር ዛፍ ሞልቶት ሳለ የቀሩትን ዋንዛዎች ለመረገጫ መጣል ያሳዝነኛል።

«የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ ምስጥ አይደርስበትም» የሚባለውም እውነት አይደለም። ዘይቱ ከላይ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ሽታው ቤቱን ይሞላል፣ ለጤና ይጎዳል፣ ቫርኒሽም አያስይዝም። ምስጥ ከአፈር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ወለሉን በድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ ማድረግ፣ ከሥሩ ነፋስ የሚያልፍበት ቀዳዳ መተው፣ የወደቀ ፍቅፋቂና ቁራጭ እንጨት ለቅሞ ማውጣት ነው የሚበጀው።

ሲሚንቶ ላይ የሚያስነጥፉም «ላዩ ነጥቷል፣ ደርቋል» ይላሉ። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት አራት ወር ያህል ይፈልጋል። አንድ ሜትር ፕላስቲክ አንጥፎ ዳርና ዳሩን በፕላስተር አሽጎ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ከሥሩ ላብ ከታየ ገና ነው። ሲነጠፍም ከግድግዳው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ያለዚያ በሐምሌ ዝናብ እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ አጥቶ ወደ ላይ ይነሣል።

ከተነጠፈ በኋላ ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ወለል በባልዲ ውኃ እየደፉ ማጠብ የተለመደ ነው፤ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃው ነበር። ከዚህ የማይሻለው የበዓል ቄጠማ ነው። ጤዛው ሳይራገፍ ተጎዝጉዞ ሲያድር እርጥበቱ ወደ ጣውላው ይገባል። ባሕር ዛፍ ታኒን ስላለው፣ እርጥበቱ ከምስማሩ ብረት ጋር ሲገናኝ በየምስማሩ ዙሪያ ጥቁር ክብ ያወጣል፤ ያንን በጨርቅ ማስለቀቅ አይቻልም። ቄጠማው አይቅር፤ ውኃው ይራገፍ፣ ከሥሩ ምንጣፍ ይነጠፍ፣ ማታውኑ ይነሣ። የወለል ሰምን በቤንዚን አቅጥኖ መቀባት ግን ጭራሽ መቅረት አለበት፤ ቡናው የሚፈላበት ከሰል እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

ቫርኒሹ ማለቁን ለማወቅ አንድ ጠብታ ውኃ ወለሉ ላይ ይጣል። ጠብታው ድቡልቡል እንዳለ ከቆየ ደህና ነው፤ ከሰረገና እንጨቱን ካጠቆረ በብርጭቆ ወረቀት አለሳልሶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ በበጋ ወራት እንደገና መቀባት ነው።