በአንድ ቀን የተቋጠረ ትልም፦ የ«ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ፊልም የዘመን ቅደም ተከተል

እ.ኤ.አ. በ2018 ለእይታ የበቃው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» የተሰኘው ፊልም ኩዊን የተባለው የብሪታንያ የሮክ ባንድ ከትናንሽ መድረኮች ተነሥቶ የዓለምን ዝና እስከ ተቀዳጀበት ጊዜ ድረስ ያደረገውን ጉዞ፣ በተለይም የድምፃዊውን የፍሬዲ ሜርኩሪን ሕይወት ይተርካል። ፊልሙ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ያስገኘ ሲሆን አራት የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል፤ ከነዚህም አንዱ ሜርኩሪን ሆኖ ለተወነው ለራሚ ማሌክ የተሰጠው ነው። ሃያስያን ግን በታሪክ ስሕተቶቹ አጥብቀው ወቅሰውታል። ስሕተቶቹን መልቀም አያስቸግርም። ይበልጥ የሚጠቅመው ፊልሙ የትኞቹን ዓመታት ከቦታቸው እንዳነሣና ወዴት እንደ ወሰዳቸው መመርመር ነው።

ከለውጦቹ አንዳንዶቹ እምብዛም ጉዳት የላቸውም። የባስ ጊታር ተጫዋቹ ጆን ዲኮን ባንዱን የተቀላቀለው በ1971 ቢሆንም በፊልሙ ውስጥ ከሜርኩሪ የመጀመሪያ መድረክ ጀምሮ ይታያል። በ1977 የወጣ ዘፈን በ1980 ሲደረስ ይቀርባል። ባንዱን የሚገፋው የሙዚቃ ኩባንያ ኃላፊም ልብ ወለዳዊ ገፀ ባሕርይ ነው። እንዲህ ያለው ማሳጠርና ማዳበል አሥራ አምስት ዓመታትን በሁለት ሰዓት ለመተረክ የሚገደድ ማንኛውም ፊልም የሚያደርገው ነው።

የባንዱ መለያየት ግን ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሜርኩሪ የግል አልበም ለመሥራት በድብቅ ይዋዋላል፤ ጓደኞቹ እንደ ክህደት ይቆጥሩታል፤ ባንዱም ለዓመታት ተለያይቶ ቆይቶ ለላይቭ ኤድ ኮንሰርት ዋዜማ ይታረቃል። እውነታው ሌላ ነው። ከባንዱ አባላት የግል አልበም በማውጣት ቀዳሚው በ1981 ያሳተመው ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር ሲሆን፣ ጊታሪስቱ ብራያን ሜይም በ1983 የራሱን ሥራ አውጥቷል፤ የሜርኩሪ አልበም የወጣው በሚያዝያ 1985 ነው። ባንዱ በ1984 አዲስ አልበም አሳትሞ፣ በጥር 1985 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ተጫውቶ፣ የዓለም ዙሪያ ጉዞውን በግንቦት 1985 በጃፓን ፈጽሟል። ወደ ዌምብሌይ የመጣው እንግዲህ ከዓመታት ኩርፊያ ሳይሆን ከሁለት ወር በፊት ካበቃ ጉዞ ነው። የዚያ ቀን ትርኢት የተዋጣለት ለምን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ሰው ይህ ከፊልሙ እርቅ የተሻለ ማብራሪያ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ የከበደው ለውጥ ሕመሙን የሚመለከተው ነው። በፊልሙ ሜርኩሪ ኤድስ እንደ ያዘው ለባልደረቦቹ የሚነግራቸው ለኮንሰርቱ በሚለማመዱበት ወቅት ነው። የቅርቡ የነበሩ ሰዎች በሰጡት ምስክርነት ግን የምርመራ ውጤቱን ያወቀው ወደ 1987 ገደማ፣ ማለትም ከኮንሰርቱ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ሕዝብ የሰማው ደግሞ ኅዳር 23 ቀን 1991፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ፊልሙ ሕመሙን፣ እርቁን፣ ከፍቅር ጓደኛው ጋር መገናኘቱንና ከዛንዚባር ከመጡት ፓርሲ ወላጆቹ ጋር መስማማቱን ሁሉ ወደ አንድ ቀን ሰብስቦ ይቋጥራል። ትልሙ ጡዘት ያገኛል፤ የምክንያትና የውጤት ሰንሰለቱ ግን ይገለበጣል። ከባንዱ ርቆ ያሳለፈው ጊዜ ጥፋት፣ ሕመሙ የጥፋቱ ዋጋ፣ መድረኩ ደግሞ የንስሐ ስፍራ ይመስላል። ሜይና ቴይለር በፊልሙ ሥራ በሙዚቃ አዘጋጅነት መሳተፋቸው እዚህ ላይ ሊዘነጋ አይገባም። ያለ ዘፈኖቹ ፈቃድ እንዲህ ያለ ፊልም አይሠራም፤ ሟች ደግሞ በስክሪፕቱ ላይ አስተያየት አይሰጥም።

ፊልሙ የተቋጠረበት ቀን በኢትዮጵያም ታሪክ ውስጥ ቦታ ያለው ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (ጁላይ 13 ቀን 1985) በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤድ መነሻው በሀገራችን «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» እየተባለ የሚታወሰው ረኃብ ነበር። ማይክል ቡርክና ካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ በጥቅምት 1984 በቢቢሲ ከታየ በኋላ ቦብ ጌልዶፍ ድምፃውያንን አሰባስቦ በዚያው ዓመት መጨረሻ የእርዳታ ዘፈን አሳተመ፤ ኮንሰርቱም ከዚያ ተከተለ።

ፊልሙ ይህን መነሻ በጥቂት ንግግር ያልፈዋል። የኮንሰርቱን ዓላማ በሚታይ መልክ የሚያቀርበው በስልኮቹ ነው፤ ኩዊን መጫወት ሲጀምር የእርዳታ ሰጪዎች ጥሪ ይጎርፋል። የዚያ ምሽት ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ከኩዊን በኋላ መድረክ የያዘው ዴቪድ ቦዊ ከዘፈኖቹ አንዱን ትቶ፣ በምትኩ የካናዳ ቴሌቪዥን ከኢትዮጵያ የቀረጸው የረኃብ ምስል እንዲታይ አደረገ። የልገሳው ማዕበል በዘገባዎች በአብዛኛው የሚያያዘው ከዚህ ምስል ጋር ነው። ፊልሙ እንግዲህ የሰውን ልብ የነካውን ኃይል ከተራቡት ፊት ወስዶ ለባንዱ ሰጥቶታል። አሠራሩ ከሕመሙ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ በሌላ ጊዜ የሆነው ወደ ሃያ ደቂቃው ትርኢት ተጎትቶ ይገባል፤ የሌላ የነበረውም የሜርኩሪ ይሆናል።

የመድረኩ ትዕይንት ራሱ የተቀናበረው እጅግ በትጋት ነው። ዌምብሌይ ስታዲየም ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠርቶ ስለነበር የ1985ቱ መድረክ በአንድ አሮጌ የአየር ማረፊያ ላይ እንደገና ተገነባ፤ ማሌክም የሜርኩሪን እንቅስቃሴ ከቴሌቪዥን ቅጂው ጋር እያስተያየ አጠና። ያው የቴሌቪዥን ቅጂ ቢቀጥል ኖሮ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የረኃቡን ምስል ያሳይ ነበር። ፊልሙ ትረካውን የሚዘጋው ግን ባንዱ ለተመልካች እጅ ሲነሣ ነው።